የሰው ሲሳይና የሞተር ቀለብ



የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ ምድርን ሁለት ነገር ሲለምናት ኖሯል፤ አንደኛው ለሆዱ እህል፣ ሁለተኛው ለምድጃው እሳት። እህሉን ከእርሻው፣ ማገዶውን ከዱሩ ያገኝ በነበረበት ዘመን ሁለቱ ልመናዎች ብዙም አይጋጩም ነበር፤ ኋላም የድንጋይ ከሰልና የነዳጅ ዘይት ከከርሠ ምድር እየወጡ የፋብሪካውንና የመጓጓዣውን ሥራ በተረከቡ ጊዜ፣ የታረሰው መሬት ለሲሳይ ብቻ የተተወ መስሎ ታይቶ ነበር። በእኛ ዕድሜ ግን የነዳጅ ዘይት ዋጋ እየናረ፣ ጭሱም የምድርን አየር እያወከ በመሄዱ፣ የዘመኑ ጠቢባን ዐይናቸውን እንደ ገና ወደ ማሳው መለሱ፤ በቆሎው፣ ሸንኮራ አገዳው፣ አኩሪ አተሩና የፓልሙ ፍሬ የመኪና ቀለብ ይሆኑ ዘንድ ሕግ ወጣላቸው፤ ሞተርና ሆድም በአንድ ጎተራ ደጃፍ ተገናኙ። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህ መገናኘት በነዳያን ገበታ ላይ ምን እንዳመጣ፣ ለእኛም አገር ምን እንደሚያስተምር እንደ ዐቅሜ ለማስረዳት ነው። ዓመታቱን የምጠራው፣ ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልለየሁ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ እገልጻለሁ።

ከዕፀዋት የሚገኝ ነዳጅ፣ በዛሬው አጠራር ባዮ ነዳጅ፣ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በ1900 በፓሪስ ከተማ በተደረገው ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሩዶልፍ ዲዝል የፈለሰፈውና በስሙ የተጠራው ሞተር በለውዝ ዘይት ሲሠራ ሕዝብ ተመልክቶታል። ርካሹ የነዳጅ ዘይት በየስፍራው ስለ በዛ ይህ ዐሳብ ለረጅም ዘመን ተኝቶ ከቆየ በኋላ፣ በ1973 የዐረብ አገሮች ዘይታቸውን በከለከሉ ጊዜ በደረሰው የዋጋ ንረት ምክንያት ነቃ፤ ከሁሉም አስቀድማ ብራዚል በ1975 ፕሮአልኮል የተባለውን ዕቅድ አውጥታ፣ ከሸንኮራ አገዳ የሚወጣው ኤታኖል የተባለው አልኮል ከቤንዚን ጋር እየተደባለቀ መኪና እንዲነዳበት አዘዘች። የብራዚል ነገር የራሱ የሆነ መልካምነት አለው። አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ገለባ ራሱ እየነደደ ፋብሪካውን በእንፋሎት ያንቀሳቅሳል፤ ከአንድ ሄክታርም 7,000 ሊትር ያህል አልኮል ይገኛል፤ መሬቷም ሰፊ ነው። ስለዚህ በ2008 በሮም በተደረገው የምግብ ጉባኤ ላይ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት ሉላ ተነሥተው፣ ኤታኖልን የሚከስሱት ሰዎች ጣታቸው በነዳጅ ዘይትና በከሰል የጠቆረ ነው ብለው ሲሟገቱ፣ ከንግግራቸው እውነት አልጠፋበትም ነበር።

የክርክሩ እምብርት ግን ብራዚል ሳትሆን የተባበሩት አሜሪካ፣ ተክሉም አገዳው ሳይሆን በቆሎው ነው። ነገሩን በቅርብ ለማየት አንድ ኩንታል በቆሎ አሸክመን በአዮዋ ክፍለ ሀገር ከሚገኙት የኤታኖል ፋብሪካዎች ወደ አንዱ እንውሰደው። በቆሎው ይፈጫል፤ በውኃ ተበጥብጦ ይቀቀላል፤ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ኢንዛይም ይጨመርበታል፤ ከዚያም እርሾ ገብቶበት ሁለት ሦስት ቀን ሲፈላ ይሰነብትና፣ በእሳት ኃይል እንፋሎቱ ወጥቶ፣ እንፋሎቱም ቀዝቅዞ አልኮል ሆኖ ይወርዳል። እናቱ አረቄ ስታወጣ አጠገቧ ያደገ ሰው ይህን ሥራ ሳይነገረው ያውቀዋል፤ ብቅሉን ኢንዛይም፣ የድፍድፉን ጋን የብረት በርሜል፣ መቃውን የብረት ቧንቧ ከመተካታቸው በቀር ጥበቡ አንድ ነው። ከኩንታሉ 42 ሊትር ያህል ኤታኖል ይገኛል፤ ከእህሉም ሲሶ የሚሆነው አተላ ደርቆ ለከብት መኖ ይሄዳል፤ ኤታኖልን የሚነቅፉ ብዙዎች ይህን የመኖውን ነገር እየዘለሉ ስለሚናገሩ እኔ አስቀድሜ ማንሣቱን መርጫለሁ። እንግዲህ 50 ሊትር የሚይዝ የአንድ መኪና ጋን በንጹሕ ኤታኖል ይሞላ ቢባል 120 ኪሎ በቆሎ ይጠይቃል። ለአንድ ጎልማሳ በቀን ግማሽ ኪሎ እህል ብንሰፍርለት ይህ የስምንት ወር ሲሳዩ ነው፤ ለመኖው ሲሶውን ብንቀንስለት እንኳ ከአምስት ወር በላይ ያቆየዋል። ኤታኖልም የሚሰጠው ኃይል ከቤንዚን ኃይል ሁለት ሦስተኛውን ያህል ብቻ ስለሆነ፣ መኪናው ያንን ሁሉ እህል ተጎንጭቶ በቤንዚን ይሄድ ከነበረው መንገድ ያነሰ ይሄዳል።

የአሜሪካ መንግሥት በ2005 ባወጣው ሕግ የነዳጅ ነጋዴዎች በየዓመቱ የተወሰነ ኤታኖል ከቤንዚናቸው ጋር እንዲያደባልቁ ግዴታ ጣለባቸው፤ በዲሴምበር 2007 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ የፈረሙት አዲስ ሕግ ግዴታውን እጅግ ከፍ አድርጎ፣ በ2022 ጠቅላላው የባዮ ነዳጅ መጠን 36 ቢሊዮን ጋሎን እንዲደርስ፣ ከዚህም ውስጥ እስከ 15 ቢሊዮን ጋሎን የሚሆነው ከበቆሎ እንዲመጣ ፈቀደ። 15 ቢሊዮን ጋሎን ማለት 57 ቢሊዮን ሊትር ያህል ነው፤ ወደ እህል ቢመለስ ከ1 ቢሊዮን 300 ሚሊዮን ኩንታል በላይ በቆሎ ይሆናል። በዚያ ላይ ለሚያደባልቀው ነጋዴ በእያንዳንዱ ጋሎን እስከ 51 ሳንቲም የግብር ምሕረት ይደረግለት፣ ከብራዚል የሚመጣው ርካሽ ኤታኖልም እንዳይገባ በጋሎን 54 ሳንቲም ቀረጥ ይጫንበት ነበር፤ እነዚህ ሁለቱ የቀሩት በ2011 መጨረሻ ነው። በዚያው በ2011 ከአሜሪካ የበቆሎ ምርት ወደ 40 በመቶ የሚጠጋው ወደ ኤታኖል ፋብሪካ ይገባ ነበር። ይህች አገር በዚያን ጊዜ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው በቆሎ ግማሽ ያህሉን የምታቀርብ ስለነበረች፣ በጎተራዋ የሆነው ሁሉ በሌላው ዓለም ማዕድ ላይ መታየቱ አይቀርም ነበር።

ከሁሉ ይበልጥ ልብ እንድትሉልኝ የምሻው የዚህን ግዴታ ጠባይ ነው። እህል ሲወደድ የሰው ሁሉ ልማድ መቆጠብ ነው፤ ባለጠጋው ሥጋውን ይቀንሳል፣ ዶሮ አርቢው ጫጩቶቹን ያሳንሳል፣ ድኃውም ሦስት ጊዜ ይበላ የነበረው ሁለት ጊዜ ይበላል፤ ገበያውም በዚህ አኳኋን የጎደለውን ምርት ለፈላጊው ሁሉ ያከፋፍላል። በሕግ የታዘዘው ኤታኖል ግን መጠኑ በቁጥር ተጽፎ የተወሰነ ስለሆነ፣ ዝናብ ቢዘንብም ቢቀርም፣ ቡሼል በሚባለው የአሜሪካ መስፈሪያ አንድ ስፍር በቆሎ በሁለት ዶላር ቢሸጥም በስምንት ዶላር ቢሸጥም፣ ድርሻውን አይቀንስም። ከፈላጊዎቹ መካከል ትልቁ ከመቆጠብ ነጻ ሲወጣ፣ የጎደለውን ሁሉ የመሸከሙ ዕዳ በቀሩት ላይ ይወድቃል፤ ከቀሩትም መካከል ኪሱ የሳሳው አስቀድሞ ይጎብጣል። በእኔ አስተያየት የባዮ ነዳጅ በደል ያለው ከበቆሎ አልኮል በማውጣቱ ላይ ሳይሆን፣ ይህን ከማንም ጋር አብሮ የማይራብ ፈላጊ በትእዛዝ ገበያ ውስጥ በማስገባቱ ላይ ነው። የነዳጅ ዘይት በሚወደድበት ጊዜ ደግሞ ፋብሪካዎቹ ከታዘዙት በላይ ለማምረት ስለሚሽቀዳደሙ፣ የእህል ዋጋ ከዘይቱ ዋጋ ጋር በአንድ ገመድ ይታሰራል፤ በጁላይ 2008 አንድ በርሜል ዘይት ከ147 ዶላር በላይ በወጣበት ሰሞን፣ በ2005 ሁለት ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው አንድ ቡሼል በቆሎ ሰባት ዶላር ማለፉ ያለ ምክንያት አልነበረም።

የመጀመሪያው ጩኸት የተሰማው ከሜክሲኮ ነው። ቶርቲላ የሚባለው የበቆሎ ቂጣ ለሜክሲኮ ድኃ እንጀራ ለእኛ እንደሆነው ሁሉ ነው፤ በ2006 መጨረሻ ዋጋው በድንገት ስለ ተሰቀለ፣ ፕሬዚዳንት ፌሊፔ ካልደሮን በጃንዋሪ 2007 ነጋዴዎቹን ሰብስበው የአንድ ኪሎ ቶርቲላ ዋጋ ከ8 ፔሶ ከ50 እንዳይበልጥ አስማሙ፤ ይህም ሕዝቡን ስላላረካው በዚያው ወር መጨረሻ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ሰው በዋና ከተማው አደባባይ ተሰለፈ። የኤታኖል ጠበቆች በዚህ ላይ የሚያነሡት አንድ ክርክር አለ፤ ቶርቲላ የሚጋገረው ከነጭ በቆሎ ነው፣ አሜሪካኖች ወደ ፋብሪካ የሚያስገቡት ግን ቢጫውን ነው ይላሉ። ልዩነቱ እውነት ቢሆንም ክርክሩን አያድንም፤ ቢጫው በተወደደ ጊዜ ከብትና አሳማ የሚያደልቡት ሰዎች ወደ ነጩ ስለሚዞሩ፣ ነጩም ተከትሎ ይወደዳል፤ እህል ደባቂውም ነጋዴ ንፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይቶ መጋዘኑን ይቆልፋል። በሚቀጥለው ዓመት በካሜሩን፣ በግብፅና በሌሎችም አገሮች ሕዝብ ስለ ምግብ ዋጋ ተነሣ፤ በሃይቲ በኤፕሪል 2008 ሁከቱ እጅግ ስለ ጠነከረ የሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ጠቅላይ ሚኒስትሩን ዣክ ኤዱዋር አሌክሲን ከሥልጣን አወረዳቸው።

ከዚህ መዓት የባዮ ነዳጅ ድርሻ ስንት ነው በሚለው ጥያቄ ላይ ሊቃውንቱ አልተስማሙም። የዓለም ባንክ የኢኮኖሚ ባለሙያ ዶናልድ ሚቼል በ2008 ባወጡት ጥናት፣ ከ2002 ወዲህ ከታየው የምግብ ሸቀጦች ዋጋ ጭማሪ ከ70 እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን በባዮ ነዳጅና እርሱን ተከትለው በመጡት ነገሮች፣ ማለት በክምችት መመናመን፣ በመሬት ወደ ሌላ አዝመራ መዛወር፣ በአትራፊዎች ግምትና በወጪ ንግድ እገዳ ላይ አሳረፉት። ዓለም አቀፉ የምግብ ፖሊሲ ጥናት ተቋም የእህልን ዋጋ ጭማሪ 30 በመቶ ያህል ሰጠው። የአሜሪካ መንግሥት ባለሥልጣኖች ደግሞ ከሁለት ሦስት በመቶ አይበልጥም አሉ። ይህን ያህል የተራራቀ ቁጥር የሰማ ሰው ሁሉም ይዋሻሉ ብሎ ተስፋ እንዳይቆርጥ አደራ እላለሁ፤ የለኩት የተለያየ ነገር ነውና። በባለጠጋ አገር ሰው ከሚገዛው በቆርቆሮና በካርቶን የታሸገ ምግብ ውስጥ የእህሉ ዋጋ ጥቂት ሳንቲም ብቻ ነው፤ የቀረው የማሸጊያው፣ የመጓጓዣው፣ የማስታወቂያውና የሠራተኛው ነው፤ ስለዚህ እህሉ እጥፍ ቢሆን የምግቡ ዋጋ እምብዛም ላይነቃነቅ ይችላል። በመርካቶ እህል በረንዳ ቆማ በቆሎ ወይም ስንዴ በቁና የምታሰፍረው እናት ግን የምትገዛው እህሉን ራሱን ነው፤ ጭማሪው ከጓዳዋ እስኪደርስ የሚያበርድላት መጋረጃ በመካከል የለም። የወንጀሉን መጠን በባለጠጋው ገበያ ለክቶ ለድኃው ፍርድ መስጠት ርቱዕ ዳኝነት አይባልም፤ እኔም ሦስቱን ሳመዛዝን የመካከለኛውን ግምት ወደ እውነት የቀረበ አድርጌ እወስደዋለሁ፤ እርሱም ቢሆን ለአንድ መንግሥት ሕግ እጅግ ከባድ ዕዳ ነው።

በኦሪት ዘፍጥረት የምናነበው ዮሴፍ በሰባቱ የጥጋብ ዓመታት እህሉን አከማችቶ፣ በሰባቱ የረኃብ ዓመታት ጎተራውን ከፈተ፤ የመንግሥት ጥበብ የሚባለው ይህ ነው። በ2012 የሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነበር። በዚያ በጋ የአሜሪካን የበቆሎ አገር ከብዙ ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ያልታየ ድርቅ መታው፤ አንድ ቡሼል በቆሎ ከስምንት ዶላር በላይ ወጣ፤ የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ጆዜ ግራዚያኖ ዳ ሲልቫ የኤታኖሉ ግዴታ ለጊዜው ይታገድ ብለው በጽሑፍ ለመኑ፤ የአንዳንድ ክፍለ ሀገር አስተዳዳሪዎችና ከብት አርቢዎችም ይህንኑ ጠየቁ። ሕጉ በችግር ጊዜ ግዴታውን የማንሣት ሥልጣን ለአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የሰጠ ቢሆንም፣ መሥሪያ ቤቱ በኖቬምበር ወር ጥያቄውን አልቀበልም አለ። አሥር ዓመት ቆይቶ፣ ሩሲያ ዩክሬንን በወረረችበት በ2022፣ ስንዴና ዘይት በዓለም ሁሉ ሲወደድ፣ ፕሬዚዳንት ጆ ባይደን በኤፕሪል ወር ወደ አዮዋ ሄደው 15 በመቶ ኤታኖል ያለበት ቤንዚን በበጋም እንዲሸጥ መፍቀዳቸውን ተናገሩ። የመኪና ነጂውን ወጪ ለማቅለል አስበው ያደረጉት ነው፤ እንጀራ በጠፋበት ወራት ለሞተሩ ተጨማሪ ቀለብ መስፈር ግን በየትኛውም ሚዛን የሚደገፍ ሆኖ አላገኘሁትም።

ወደ አገራችን ስንመለስ በጥንቃቄ መናገር ይገባናል። በ2000 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የደረሰው የእህል ዋጋ ንረት ከአዮዋ ፋብሪካ ብቻ መጣ የሚል ሰው ቢኖር ተሳስቷል፤ የበልጉ ዝናብ መቅረት፣ በገበያ ውስጥ የገንዘብ መብዛትና የመጓጓዣው መወደድ የየራሳቸው ድርሻ ነበራቸው፤ ጤፍም በዓለም ገበያ እንደ በቆሎ የሚዘዋወር እህል አይደለም። የውጪው ነፋስ የገባብን በሁለት በር ነው። የመጀመሪያው የዕርዳታ ስንዴ ነው፤ የዓለም የምግብ ፕሮግራም በዚያ ዓመት እህል ስለ ተወደደበት ብቻ ተጨማሪ 755 ሚሊዮን ዶላር ለመለመን ተገድዶ ነበር፤ አገራችንም ከዚህ ድርጅት ብዙ እህል ከሚቀበሉት አንዷ በመሆኗ፣ ዋጋው በጨመረ ቁጥር በዚያው ገንዘብ የሚሰፈረው ቁና እንደሚያንስ ግልጽ ነው። ሁለተኛው የምግብ ዘይት ነው። በየቤታችን ከሽሮውና ከምስር ወጡ የሚገባው፣ በብርድ የሚረጋው የፓልም ዘይት አብዛኛው የሚመጣው ከኢንዶኔዥያና ከማሌዥያ ነው። ኢንዶኔዥያ ከ2020 ጀምሮ በናፍጣዋ ውስጥ 30 በመቶ የፓልም ዘይት ነዳጅ እንዲገባ አዝዛ፣ በ2025 ግዴታውን 40 በመቶ አድርሳዋለች፤ በየመንገዱ የሚነድደው ይህ ሁሉ ዘይት ከአንድ በርሜል ከእኛው ድስት ጋር የሚቀዳ ነው። በ2014 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ቅቤ በማይነካበትና ዘይት ዋና በሚሆንበት ወራት፣ የሱፍ ዘይቱ ከዩክሬን ሲቋረጥና ፓልሙም አብሮ ሲወደድ፣ ስንቱ ምእመን ወጡን በውኃ ሠርቶ እንደ ጾመ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። የሱፍ ዘይቱን መቋረጥ ጦርነቱ አመጣው፤ በእርሱ ፋንታ ይፈስስልን ይችል ከነበረው ፓልም ብዙው ግን አስቀድሞ ለሞተር ተሰጥቶ ነበር።

እህል መወደዱ ለገበሬ ይጠቅማል የሚለውን ክርክር አልዘልለውም፤ ለአዮዋው ባለ ሰፊ እርሻ በእርግጥ ጠቅሞታል። የእኛ ገበሬ ግን ግብሩንና ዕዳውን ለመክፈል እህሉን በታኅሣሥና በጥር፣ ገበያው በሞላበት ወራት በርካሽ ይሸጣል፤ በሐምሌና በነሐሴ ጎተራው ሲራቆት ያንኑ እህል በውድ ይገዛል። እህል አምራች ሆኖ እህል ገዢ የሆነው ይህ ብዙ ሕዝብ በዋጋ ንረት ከሚጎዱት እንጂ ከሚጠቀሙት ወገን አይቆጠርም።

እኛም ራሳችን በዚህ ነገር ተፈትነናል። በ2007 መንግሥታችን የባዮ ነዳጅ ስትራቴጂ አውጥቶ፣ ከ23 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ለዚህ የሚስማማ ነው ብሎ አስታወቀ፤ ከአውሮፓና ከእስራኤል የመጡ ኩባንያዎችም ለነዳጅ የሚሆን ዘይት ለሚሰጡት ተክሎች፣ ለጃትሮፋና ለጉሎ፣ መሬት ጠየቁ። በምሥራቅ ሐረርጌ ለጉሎ ተብሎ ከተሰጠው መሬት ከፊሉ የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ሆኖ ተገኘ፤ በወላይታ ደግሞ፣ አንድ ቤተሰብ ከግማሽ ሄክታር ያነሰ መሬት ይዞ በሚኖርበት አገር፣ ገበሬዎች ከምግብ ማሳቸው እየቀነሱ ጉሎ እንዲዘሩ ውል ተዋዋሉ፤ በዚያው በ2000 ዓ.ም. በልጉ ሲቀር ወላይታ ከተራቡት አካባቢዎች አንዷ ሆነች። ጉሎ የማይበላ ስለሆነ ከምግብ ጋር አይሻማም ይባል ነበር፤ ዘሩ አይበላም፤ የተዘራበት መሬት፣ ያረሰው በሬና ያረመው ክንድ ግን የእህል ነበሩ። ጃትሮፋም ለም ባልሆነ ደረቅ መሬት ያለ ችግር ያፈራል ተብሎ የተወራለትን ያህል ሳይሆን ቀርቶ፣ ብዙዎቹ ኩባንያዎች እርሻቸውን ትተው ሄዱ።

ከዚሁ ጎን ግን የተሻለ ምሳሌ አለን። በፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ከአገዳው ስኳሩ ከወጣ በኋላ ሞላሰስ የሚባለው ጥቁር ዝልግልግ ትራፊ ይቀራል፤ ከዚህ ትራፊ ኤታኖል እየተጠመቀ፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ በአዲስ አበባ 5 በመቶ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ 10 በመቶ ከቤንዚን ጋር ተደባለቀ። ስኳሩ ለሰው ከደረሰ በኋላ የሚገኝ ስለሆነ ከማንም አፍ አልነጠቀም። ከዚሁ ኤታኖል ከፊሉ ጋያ በተባለው ማኅበር አማካይነት ጅጅጋ አጠገብ በቀብሪበያህ ለነበሩት የሶማሊያ ስደተኞች በንጹሕ ምድጃ እየተሰጠ፣ ሴቶቹ ማገዶ ፍለጋ ሩቅ ሲሄዱ ከሚደርስባቸው ጥቃትና ዐይን ከሚያጠፋው ጭስ አሳርፏቸዋል። ለመኪና ከሚቃጠለው ሊትር ይልቅ ይህኛው ሊትር የበለጠ ጽድቅ ሠርቷል ብዬ አምናለሁ።

ስለ ባዮ ነዳጅ ስንናገር ደግሞ የራሳችንን ጥንታዊ ባዮ ነዳጅ ልንረሳው አይገባም። ዛፍ ባለቀበት ደጋ አገር እናቶቻችን እበቱን ከጭድ ጋር ለውሰው፣ በእጃቸው ጠፍጥፈው፣ በካብና በግድግዳ ላይ ለጥፈው ያደርቁታል፤ የደረቀውንም በጓሮ ከምረው ክረምቱን በጭቃ ይለስኑታል። ያ ኩበት በማሳ ላይ ቢበተን ፍግ ሆኖ ለገብሱና ለስንዴው ኃይል በሰጠ ነበር፤ በምድጃ ሲነድድ ግን የመሬቱ ለምነት በጭስ ማውጫው ይወጣል፤ ገበሬውም በእበቱ ፋንታ ማዳበሪያ በዱቤ ይገዛል፤ ዱቤውን ለመክፈልም፣ ቀደም ብዬ እንደተናገርሁት፣ በጥር ገበያ እህሉን ያራክሳል። ነዳጅ ከምግብ ሲሻማ ለማየት ወደ አዮዋ መሄድ አያስፈልግም፤ በመንዝም በወገራም በየደጃፉ ተከምሮ ይታያል። ከቤት ማገዶ ትልቁን ድርሻ የሚበላው እንጀራ መጋገር ስለሆነም፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ በገባበት ቤት ሁሉ አንድ የእበት ክምር ወደ ማሳው ለመመለስ ነጻ ይወጣል።

ስለ ፀሐይ፣ ስለ ነፋስና ስለ ውኃ ኃይል የምለው ጥቂት ነው፤ ነገራቸው ግልጽ ነውና። ተክል ከሚያርፍበት ብርሃነ ፀሐይ ከመቶ አንዱን ያህል እንኳ በጭንቅ ሲያስቀር፣ የዛሬው የፀሐይ ሰሌዳ ከመቶ ሃያውን ያህል ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል፤ ከአንድ ሄክታር በቆሎ የሚገኘው ነዳጅ ከአንድ ሄክታር ሰሌዳ ከሚገኘው ኃይል ጋር የሚወዳደር አይደለም፤ ሰሌዳው ደግሞ በጣራና በጭንጫ መሬት ላይ ይተከላል። በመቀሌ አጠገብ በአሸጎዳ በ2013 የተመረቀው 120 ሜጋ ዋት የነፋስ ጣቢያ ሲተከል መሬት የወሰደ ቢሆንም፣ በምሰሶዎቹ መካከል ገበሬው ያርሳል፣ ከብቱም ይግጣል። በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም አለው። አገራችን በ2024 በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መከልከሏን ችኮላ ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን የመኪናችንን ቀለብ ከማሳ ሳይሆን ከወንዝ ለመቅዳት የሚያስችል በመሆኑ እደግፈዋለሁ፤ በከተማ መኪና ከሚሞላው መስመር ጋር ለገጠሩ ምጣድ የሚደርሰው መስመር አብሮ ይዘረጋ ዘንድ ግን እሻለሁ።

በዚህ አዳራሽ ከተቀመጣችሁት መካከል ነገ በእርሻ፣ በማዕድንና በገንዘብ መሥሪያ ቤቶች ገብታችሁ ሕግ የምታረቅቁ እንዳላችሁ ዐውቃለሁ። ባዮ ነዳጅን የሚመለከት ደንብ በጠረጴዛችሁ ላይ በሚቀርብበት ቀን፣ ነዳጁ ከትራፊ እንጂ ከሚበላ እህል እንዳይወጣ፣ የምግብ ማሳም ለጉሎና ለጃትሮፋ እንዳይሰጥ አስቀድማችሁ ጻፉበት፤ ከዚያም የእህል ዋጋ በቁጥር ከተወሰነው ልክ ባለፈ ጊዜ የማደባለቁ ግዴታ የማንንም ባለሥልጣን ፈቃድ ሳይጠብቅ በራሱ የሚቆምበትን አንቀጽ ጨምሩበት፤ ይህ አንቀጽ በሌለበት ረቂቅ ላይ ፊርማችሁን እንዳታኖሩ እለምናችኋለሁ።